የኣብርሃ የሁለት ሳምንት ክኒን

«ክኒኑን በሙሉ ውጠሃል?»

ዶክተር እስማኤል ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀው...

«ወላሂ ውጫለሁ!» አለ ኣብርሃ። ክርስቲያኑ ሰውዬ... በወላሂ!

እኔ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ላብ አጠመቀኝ። ለምን? ቆይ እነግራችኋለሁ!

ኣብርሃ ሱዳን ውስጥ፣ ቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ ጎረቤቴ ነው። ዓመት ሙሉ ሆዱን ሲያመው «ጨጓራ ነው» ተባብለን ዝም አልን።

ቀበቶውን በምስማር እየበሳ ሲያጠብቅ ሳየው ግን... እጁን ይዤ ገዳሪፍ ከተማ፣ ሆስፒታል!

ከካርቱም ተፈናቅሎ የመጣው ዶክተር እስማኤል ካሜራ ያለው ቱቦ በጉሮሮው አስገባ። ከጨጓራው ቅንጣት ሥጋ ቆንጥሮ ለምርመራ ላከ።

ውጤቱ መጣ... ካንሰር! ሊምፎማ የሚሉት፣ ጨጓራው ላይ የበቀለ።

እሪ ልል ስል ዶክተሩ ከለከለኝ።

«ያ ኻልቲ፣ አክስቴ፣ ቆይ! ይሄኛው ቀርፋፋ ነው፣ ገና አልተስፋፋም። የሚቀልበው ጨጓራ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ነው። የሁለት ሳምንት ክኒን ባክቴሪያውን ከገደለው ካንሰሩም ሊጠፋ ይችላል።»

ካንሰር... በክኒን! እኔ አራተኛ ክፍል እንኳ አልደረስኩ፣ ግን እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም!

ከወራት በኋላ ድጋሚ ታየ። ባክቴሪያው ቁጭ ብሏል! ዶክተሩ «በሙሉ ውጠሃል?» ብሎ ሦስቴ የጠየቀው፣ እኔን ላብ ያጠመቀኝም ያኔ ነው።

«ይገርማል...» አለ ዶክተሩ። «እንዲህ ከቀጠለ ጨረር ያስፈልገዋል። ለጨረር ደግሞ ሩቅ መሄድ አለበት።»

በስደተኛ ወረቀት የት ይሄዳል?

አላስቻለኝም።

«ዶክተር... አራቱን እኔ ውጫለሁ!»

«ምን?!»

«ጨጓራዬ ሲያቃጥለኝ ሰጠኝ። ለጎረቤቶቻችን ለሸዊትም ሰጥቷል፣ ለሃየሎምም...»

እኛ ሰፈር ክኒን እንደ ስኳር ነው፤ ያለው ለሌለው ያካፍላል።

ኣብርሃ አንገቱን ደፋ። «ሁሉም ያመዋል... ብቻዬን እንዴት ልዋጥ?»

ደጉ ሰውዬ በደግነቱ ሊሞት ነበር!

ዶክተሩ «ሳይሟላ ስለተወሰደ ባክቴሪያው የድሮውን ለምዶት ይሆናል» ብሎ ሌላ ዓይነት ክኒን አዘዘ። እኔም ጠዋት ማታ ፊቱ ቆሜ «አፍህን ክፈት! ምላስህን አንሳ!»

«አንቺ ሴትዮ፣ ወታደር ሆንሽ እንዴ?»

«ሌባ ነበርኩ... አሁን ዘበኛ ሆኛለሁ!»

ከወራት በኋላ፣ ትናንት፣ የድጋሚ ምርመራው ውጤት መጣ። ባክቴሪያው የለም... ካንሰሩም አይታይም! ክትትሉ ይቀጥላል፤ ቀበቶው ግን ወደ ድሮ ቀዳዳው ተመልሷል። እልልልል!

ወገኖቼ፣ ስኳራችሁን አካፍሉ፣ ዱቄታችሁን አካፍሉ... በስማችሁ የታዘዘውን ክኒን ግን ብቻችሁን ጨርሱ! ሆዳችሁ ታሞ ከከሳችሁም «ጨጓራ ነው» ብላችሁ አትቀመጡ፣ ታዩ!

እስቲ እውነቱን አውጡ... እናንተስ የማንን ክኒን ውጣችኋል? ኮሜንት ላይ ተናዘዙ፣ እኔ ጀምሬያለሁ!