አንድ ስም፣ ሁለት ቀለም

«ትናንት ተስተካክሏል አልሽኝ፤ ይኸው ዛሬም ያው ነው!» አሉ የሆስፒታሉ ዋርድ ኃላፊ ነርስ፣ አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግተው። «ይሄን የሚያነብ ዓይን ያለው ሰው ከተገኘ ሥራዬን እለቅለታለሁ።»

የሆስፒታሉን ገጽ የሠራችው ፕሮግራመር ወንበሯን ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። በበሽተኞቹ ዝርዝር ላይ፣ መድኃኒት የማይስማማቸው ሰዎች ስም ሥር የሚወጣው ማስጠንቀቂያ ነጭ ላይ የተጻፈ ፈዛዛ ቢጫ ነው። አለ ከማለት የለም ማለት ይቀላል። ትናንት ከሰዓት ግን ደማቅ ቀይ አድርጋዋለች፤ በገዛ እጇ። ላፕቶፗን ከፈተች። ለሙከራ ስለገባች የሙከራ ስሞች ብቻ በሚታዩበት በእሷ ገጽ ላይ ማስጠንቀቂያው ፍም መስሏል።

«ይኸው ሲስተር፣ እኔ ጋ ቀይ ነው።»

«አንቺ ጋ በሽተኛ የለም የኔ ልጅ። በሽተኛው ያለው እዚህ ነው።»

ሁለቱን ስክሪኖች ጎን ለጎን አድርጋ አየቻቸው። ገጹን የሚልከው አንድ ሰርቨር፣ አንድ አድራሻ፣ አንድ የፋይል ስም፤ ቀለሙ ግን ሁለት። ከመናደድ ይልቅ የሆነ ነገር ልቧን ኮረኮራት። ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል። የቱ?

በዋርዱ ኮምፒውተር ላይ ገጹ ሲከፈት የተጠሩትን ፋይሎች ዝርዝር አወጣች። የገጹን ቀለምና ቅርጽ የሚወስነው ፋይል ፈጽሞ ከሰርቨሩ አልመጣም።

«ውይ! ገጹን የሚከፍተው ብራውዘር አዲሱን ፋይል አልጠየቀም» አለች። «ባለፈው ሳምንት ያወረደውን ከጓዳው እያወጣ ነው የሚያሳየዎት።»

«ለምን አይጠይቅም? ሰነፍ ነው?»

«አትጠይቅ ያልነው እኛው ነን። ገጹ ቶሎ እንዲከፈት፣ አንዴ ያወረድከውን ዓመት ሙሉ አስቀምጥ ብለነዋል። የእኔው ግን ሁልጊዜ አዲሱን እንዲያመጣ አድርጌዋለሁ።»

ነርሷ መነጽራቸውን አወለቁና በጋውናቸው ጫፍ እየወለወሉ አሰቡ። «ታዲያ ውስጡ መለወጡን በምን ያውቃል? ስሙ ያው ከሆነ?»

የፕሮግራመሯ ጣቶች ኪቦርዱ ላይ እንዳሉ ቀሩ። «ምን አሉኝ?»

«ስሙ ያው ከሆነ ነዋ! እኛ ዘንድ ሞክሼ በሽተኞች ሲገቡ በስም ብቻ አንጠራም። የአንዱን መድኃኒት ሌላው ይውጠዋላ።»

ይችን አንዷን ማሽን በግድ ማሳደስ ሁለት ሦስት ቁልፍ ከመጫን አያልፍም። ነገር ግን በየፎቁ የተበተኑ በድምሩ አርባ ኮምፒውተሮች አሉ፤ አርባዎቹም ጓዳቸው ውስጥ ያንኑ ፈዛዛ ቢጫ ይዘው ተቀምጠዋል። ስለዚህ ፋይሎቹን የሚያመርተውን ፕሮግራም ከፈተችና አንድ መስመር ጨመረችበት፤ ከእንግዲህ በእያንዳንዱ ፋይል ስም ላይ፣ ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣ አሻራ ይቀጠል። አስነሳችው። ከድሮው ስም ቀጥሎ ስምንት ፊደልና ቁጥር ብቅ አለ።

«ይሄን ደግሞ ማን አወጣለት?»

«ማንም። ከውስጡ ነው የሚወጣው። ውስጡ ካልተነካ ስሙም አይነካም።»

«እስቲ ንኪው።»

ቀዩን በጣም በጥቂቱ አጠቆረችው። ስምንቱም ተገለባብጠው ሌላ ሆኑ።

«ወይ ጉድ! በዚህች?» ነርሷ ሳቅ አመለጣቸው። «መልሺዋ እስቲ።»

መለሰችው። የቀድሞው ስም አንዲት ፊደል ሳትጎድል ተመልሶ መጣ። ፕሮግራመሯ በመጽሐፍ አንብባው የምታውቀውን ነገር ገና አሁን ያየች መሰላት።

«ዋናው ገጽ ሁልጊዜ ከሰርቨሩ ነው የሚመጣው» አለች ሥራዋን ወደ ሰርቨሩ እየላከች። «ሲመጣ ፋይሉን በአዲሱ ስም ይጠራዋል። ብራውዘሩ ያንን ስም ጓዳው ውስጥ ስለማያገኘው፣ ሳይወድ በግዱ ሄዶ ያመጣል። በሉ አሁን እንደ ወትሮዎ ይክፈቱት።»

ነርሷ በአንድ ጣታቸው ተጫኑት። ሦስት ቀይ መስመሮች ወጡ።

«እሰይ! አልጋ ሁለት፣ እሳቸውን አውቃለሁ። አልጋ ዘጠኝ፣ እሱንም በቃሌ ነው የያዝኩት። አልጋ ስድስት...»

ጣታቸው ስክሪኑ ላይ ቆመ። አልጋ ስድስት ላይ ያሉት ዛሬ ጎህ ሲቀድ ከድንገተኛ ክፍል የመጡ አሮጊት ናቸው። ከስማቸው ሥር «ፔኒሲሊን አይስማማቸውም» ይላል። የመርፌ ሰዓት ደግሞ አሁን ነው።

ነርሷ ወንበሩን ገፍተው ተነሡ። አልሮጡም፤ በሽተኛ መሃል አይሮጥም። እርምጃቸው ግን ረዘመ፤ ፕሮግራመሯም ሳታስበው ተከተለቻቸው። የአሮጊቷ ክፍል በር ላይ ሲደርሱ ተረኛዋ ነርስ የአሮጊቷን እጅጌ ሰብስባ ክንዳቸውን በጥጥ እየጠረገች ነበር።

«ቆዪ!» አሉ ኃላፊዋ፣ ቀስ ብለው። «እማማ፣ ፔኒሲሊን ተወግተው ያውቃሉ?»

«አንዴ ተወግቼ ልሞት ነበር» አሉ አሮጊቷ። «ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ነግሬያቸዋለሁ እኮ። ሲጽፉትም አይቻለሁ።»

ተረኛዋ ነርስ ጥጡን ጣለች። በሌላ እጇ መዳፍ ውስጥ ትንሽዬ የፔኒሲሊን ብልቃጥ ነበረች፤ ክዳኗ ገና አልተነሣም።