የብርጭቆው ፍርድ

"ሰበብ አታብዢ! ገንዳው የደፈረሰው አንቺ መያዝ ስላቃተሽ ነው" አሉ የቆዳ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አቶ ቸርነት።

"ቆሻሻውን የሚበላልን ሕያው ዝቃጭ ታሟል እያልኩዎት እኮ ነው!" አለች የፍሳሽ ማጣሪያው ኃላፊ። "አልረጋ ብሎ ከውኃው ጋር ወንዝ እየገባ ነው። የታች ሰፈር ከብት የሚጠጣው ከዚያ ነው። ገንዳው እስኪያገግም ማሽኖቹን ያቁሙልኝ።"

"ፋብሪካ ላቁምልሽ? ቀልደኛ ነሽ!"

"እንግዲያው ብርጭቆው ይፍረደን። እርስዎን ልቀበል ስወጣ በእጄ ከገንዳው በብርጭቆ ቀድቼ ክፍሌ አስቀምጫለሁ። ዝቃጩ ወርዶ ከረጋ ያባርሩኝ፤ ካልረጋ ግን ያቆማሉ።"

"ይሁን!"

ተከታትለው ወደ ክፍሏ ገቡ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ረጅም ብርጭቆ ከሥሩ ጥቂት ቡናማ ዝቃጭ ይዞ፣ ከላይ እንደ ምንጭ ውኃ ጠርቷል። ዓይኗን ማመን አቃታት። አቶ ቸርነት ከት ብለው ሳቁና ስልካቸውን አውጥተው ይደውሉ ጀመር።

ይህን ጊዜ ሽማግሌው ረዳቷ ጋሽ ምናሴ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

"አየሽ ልጄ፣ በእንግዳ ፊት እንዳታፍሪብኝ ብዬ ግማሹን ደፋሁና በጆግ ንጹሕ ውኃ ሞላሁበት፤ ሲቀጥን ዝቃጩ ይወርዳል። ካንቺ በፊት ለነበሩትም አለቃ በመጣ ቁጥር እንዲሁ ነበር የማደርግላቸው።"

ዞር ብላ ነጭ ጢማቸውን አየች። እውነቱን ብትናገር የሚባረሩት እሳቸው ናቸው።

"ሃሎ" አሉ አቶ ቸርነት በስልኩ። "ማሽኖቹ ይቀጥሉ። ለማጣሪያውም ሌላ ሰው ፈልጉ።"

ጋሽ ምናሴ ባዶውን ጆግ ከጠረጴዛው ሥር አንስተው ቀስ ብለው ወጡ።