አግዳሚው ላይ

ዮዳሄ ቶሮንቶ ከገቡ ወር ያልሞላቸውን አክስቷን እትዬ ውብአለምን ሐይቅ ዳር ትታቸው መጣች። አውቃ ነው። እትዬ ውብአለም ሐይቁ ዳር ባለው መዝናኛ መሃል ቆመው፣ አየር ላይ በሚሽከረከረው መንኮራኩር ለተሳፈሩት ሁሉ "እግዜር በሰላም ያውርዳችሁ!" እያሉ ሲጮኹ የክፍል ጓደኞቿ ሳቁ። አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸውና "እስክመጣ እንዳይነሱ" ብላ ስትሪትካር የሚሉትን የከተማ ባቡር ተሳፈረች።

ሰፈሯ ሪጀንት ፓርክ ደርሳ የአፓርታማውን በር ስትከፍት አክስቷ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ቁልፍ የላቸውም። ስትሪትካርም ብቻቸውን ተሳፍረው አያውቁም።

"እንዴት መጡ?"

"ምን ቸገረሽ? ይቅር ብዬሻለሁ። ነይ ተቀመጪ።"

ዮዳሄ እፎይ ብላ አጠገባቸው ልትቀመጥ ስትል ስልኳ ጠራ። የአክስቷ ቁጥር ነው።

"አታንሺው" አሉ እትዬ ውብአለም። እጃቸው ላይ ስልክ የለም።

አነሳችው። ከመንኮራኩሩ ሙዚቃ ጋር የእሳቸው ድምፅ መጣ። "ልጄ፣ እንዳልሽኝ አልተነሳሁም። ሰዉ እየሄደ ነው። ትመጫለሽ አይደል?"

"መጣሁ፣ እትዬ።"

ሶፋው ላይ ያሉት ፈገግ አሉ። "እሷ ይቅር የምትልሽ ይመስልሻል?"

ዮዳሄ የጫማዋን ክር እንኳ ሳታስር ወጣችና በሩን ዘጋችው።