ተረኛ

«ተረኛ!» አለች እናትየው፣ ድምፅዋን እንደ ሕፃናት መዋያው ሞግዚት ቀጠን አድርጋ፣ ፊቷን በግድ ፈገግ አሰኝታ። ልጇ ድንቡሼ ከፖፖው ላይ ብድግ አለችና እሪታዋን አቀለጠችው።

ዛሬ ጠዋት ብቻ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ሁለት ሱሪ ረጥቦ ባልዲ ውስጥ ገብቷል፣ ሦስተኛው እናትየው ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ተራውን ይጠብቃል። የነርስ ጋዋኗ ጫፉ እርጥብ ነው፤ በምን እንደረጠበ ማጣራት አልፈለገችም። አንድ እግር ጫማዋን አድርጋለች፣ ሁለተኛው የት እንደገባ አንድዬ ይወቀው። የሆስፒታሉ ሰርቪስ ሊመጣ አሥር ደቂቃ ቀርቶታል።

«እሺ የኔ ቆንጆ፣ አንዴ ብቻ። ለእማዬ ብለሽ።»

«አልፈልግም!»

«ሽንትሽ መጥቷል እኮ። ይኸው ትቁነጠነጫለሽ።»

«አልመጣም!» አለች ድንቡሼ፣ ጉልበቶቿን አጋጥማ እየተቁነጠነጠች።

ሁለት ዓመት ተኩል ለሞላት ፍጥረት ይሄ ሁሉ እልህ ከየት መጣ? እናትየው እንደ ልማዷ በአባትየው አሳበበች። እሱ ለመስክ ሥራ ከወጣ ወሩ ነው፣ መልስ ሊሰጥ አይችልም።

የሚያስቅ ነገር ቢሆን ባልከፋ። ከሰኞ ጀምሮ ድንቡሼ መዋያው ውስጥ ወደ ትልልቆቹ ክፍል ታልፋለች፣ እዚያ ደግሞ ዳይፐር ያደረገ አይገባም። የትንንሾቹ ክፍል አልጋዋ ለሌላ ሕፃን ተሰጥቷል። ዛሬ ዓርብ ነው። ልጅ አዝሎ መርፌ መውጋት አይቻል፣ ሥራ መተው አይቻል። በማርፈዷም በዚህ ወር ሁለት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተቀብላለች።

ሞግዚቷ ትናንት መዋያው በር ላይ ይዘዋት ነበር። ሃያ ልጅ በአንድ ድምፅ የሚያሰልፉ ትልቅ ሴት ናቸው።

«እኔ እንጃ የኔ ልጅ፣ ግራ ገባኝ» አሏት። «ልጆቹ ይሰለፋሉ፣ እኔ ‹ተረኛ!› ስል አንዱ ሮጦ ፖፖው ላይ ይቀመጣል። ጨዋታ አድርገውት ይጋፉበታል። ያንቺዋ ግን ገና ተረኛ ስትባል እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል። እስቲ ቤትም በዚሁ ቃል ጥሪያት፣ እንዲለምድላት።»

«እሺ እትዬ፣ እሞክራለሁ» ብላ ነበር። ይኸው ሞከረች። ተረኛ ባለች ቁጥር ነገሩ ባሰበት።

«አንቺ ልጅ፣ ልትገድይኝ ነው?» አለች አሁን፣ ወዲያው ደግሞ ቆጫት። ወለሉ ላይ ቁጢጥ አለች። በእንቅልፍ የማይለቅ ድካም ደክሟታል። ማንም ባይጠራት፣ ማንም ምንም ባይላት፣ እዚሁ ቀዝቃዛው ሴራሚክ ላይ ጋደም ብትል ደስታዋ ነበር።

ስልኳ ጮኸ። ስትሠራ ያደረችው ነርስ ናት፣ የሚቀይራት ሰው አጥታ።

«አለሁ፣ አለሁ» አለች እናትየው። «አዎ፣ እኔ ነኝ ተረኛ። በቃ ወጣሁ፣ መጣሁ።»

ስልኩን ሳትዘጋው ድንቡሼ እግሯ ላይ ተጠመጠመችባት።

«አትሂጂ! እማዬ አትሂጂ!»

ያው ለቅሶ ነው። ፖፖው ላይ የምታለቅሰው፣ ከንፈሯን ገልብጣ፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት። እናትየው ስልኩን ቀስ ብላ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው።

በየቀኑ የምትለውን አስታወሰች። ተረኛ ነኝ፣ ቻው የኔ ማር። እሁድም ተረኛ ነኝ፣ ሌላ ቀን እንጫወታለን። ልጅቷ ይህን ቃል በሰማች ቁጥር በሩ ይዘጋል። መዋያ ስትሄድ ደግሞ በሰው ሁሉ ፊት ራሷን ተረኛ ይሏታል።

«ወይኔ ልጄን» አለች። «ተረኛ ስትባዪ የምትሄጂ መስሎሽ ነው?»

ድንቡሼ አፍንጫዋን ጋዋኑ ላይ ጠረገች።

ታች መንገዱ ላይ ሰርቪሱ ክላክስ አደረገ።

እናትየው አንዷን ጫማዋንም አወለቀች። ከፖፖው ፊት ለፊት፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች።

«ስሚኝማ። እዚህ ቤት ተረኛ የሆነ ሰው ይቀመጣል። ሌላው ይጠብቀዋል። እኔ እጠብቅሻለሁ፣ የትም አልሄድም።»

ክላክሱ ተደገመ። ድንቡሼ ወደ መስኮቱ አየች፣ ከዚያ የእናቷን ባዶ እግሮች አየች። ሰርቪሱ ማርሽ ቀይሮ ሲርቅ ሁለቱም ሰሙት። ሦስተኛው ደብዳቤ መጣ ማለት ነው። 

«ማነው ተረኛ?» አለች እናትየው፣ አሁን በገዛ ድምፅዋ።

ልጅቷ ብዙ አሰበች።

«እኔ» አለች በመጨረሻ፣ ሄዳም ተቀመጠች።

ጠበቁ። ባልዲው ላይ ቧንቧው ጠብ ጠብ ይላል። ቆየት ብሎ ከፖፖው ውስጥ ቀጭን ድምፅ መጣ፣ መጀመሪያ እየተቆራረጠ፣ ከዚያ ሳያቋርጥ። እናትየው አፏን በእጇ ያዘች። ልሳቅ ስትል እንባዋ ቀደማት።

«ጎሽ! ጎሽ የኔ አንበሳ!»

ድንቡሼ ተነሳች። ሱሪዋን ለማልበስ የተዘረጋላትን እጅ አልፋ ወደ ልብስ ማጠቢያው ማሽን ሄደች፣ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ከኋላው ሰደደች፣ የጠፋውን ጫማ ጎትታ አወጣችው። በሁለት እጇ ተሸክማ አምጥታ እናቷ እግር ሥር አኖረችው።

«አሁን አንቺ ተረኛ» አለች።