የተረፈው መድኃኒት

ከላቦራቶሪ በቀጥታ የመጣችው ተመራማሪ የልጇን የሉሊትን ያበጠ ጉልበት ዳሰሰችና «የባለፈው መድኃኒት የት አለ?» አለች።

«የገመድ ዝላይ ነው ያሳበጠው፤ በቫዝሊን አሸሁላት» አሉ አያትየው። በመሐረብ የቋጠሯቸውን ክኒኖች ከቁም ሳጥኑ አወጡ። «ጉሮሮዋ ሲሻላት አንጀቷን እንዳያቃጥላት ብዬ አስቆምኳት። የተረፈውን ላንቺ ነው ያስቀመጥኩት፤ ትላንት በስልክ ሲያስልሽ ሰማሁ።»

«እማዬ! የጉሮሮ ሕመም ጉልበት አሳብጦ ልብ ላይ የሚያመጣውን ብግነት ሳጠና ፀጉሬ ሸበተ። እስከ ወለንጪቲ ድረስ እየዞርኩ ‹መድኃኒቱን ጨርሱ› ብዬ እናቶችን ስለምን፣ በገዛ እናቴ ቤት!»

«ጉሮሮዋ ድኗል አልኩሽ እኮ!» አያትየው ተቆጥተው ውኃ ቀዱ። «እሺ፣ አሁን ትዋጠዋ!»

ልጃቸው ዓይኗን ጨፍና ጆሮዋን የሉሊት ደረት ላይ ለጥፋ ነበር። አያትየው ብርጭቆውን እንደያዙ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልቧ ምን ይላል?»