ይምጣ

ሦስተኛው ጎል እንደገባባቸው ደጋፊው በአንድ ድምፅ «ይውጣ፣ ይውጣ» ይል ጀመር። ብራዚላዊው አሠልጣኝ እንደ ልማዱ ወደ አስተርጓሚው ወደ ደበላ ዞሮ፣ «ምን እያሉ ነው?» ሲል ሁለቱ በሚግባቡበት ስፓኒሽ ጠየቀው። የሰውየው አማርኛ ከ«ሰላም ነው» ሲያልፍ ደበላ ሰምቶ አያውቅም።

ደበላ ኩባ የተማረ፣ ይሉኝታ የሚያጠቃው ሰው ነው። አሠልጣኙ በተጫዋችነት ዘመኑ አገር ላገር ዞሮ፣ ጉልበቱን ቱርክ ላይ ሰብሮ፣ ትዳሩን ግሪክ ላይ ፈትቶ፣ በስተርጅና አዳማ ደርሷል። እንዲህ ያለውን ሰው በምን አፉ «ውጣ» ይበለው? ሽንፈቱ ከበዛ ወዲህ፣ «ይምጣ ነው የሚሉት፤ መጥቶ ሰላም ይበለን ማለታቸው ነው» ይለዋል። አንዲት ፊደል ብትለወጥ ማንን ትጎዳለች?

ዛሬም ያንኑ አለው። አሠልጣኙ ተነስቶ እያነከሰ ወደ ደጋፊው ሄደና እጁን አውለበለበ። ባዶ ሃይላንድ ተወረወረበት። ጎንበስ ብሎ አነሳው፤ ይዞት ተመልሶም ወንበሩ ሥር አስቀመጠው። ፊቱ ላይ ደስታም ቅሬታም አልነበረም።

ጨዋታው እንዳለቀ የክለቡ ፕሬዝዳንት መጡ።

«በቃ፣ አሰናብተንሃል በልልኝ» አሉት ደበላን።

ደበላ ወደ አሠልጣኙ ዞሮ በስፓኒሽ፣ «ደክሞሃልና ትንሽ እረፍ ይሉሃል» አለው።

አሠልጣኙ ጃኬቱን አነሳ። እጁን ደበላ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ፣ በጠራ አማርኛ፣

«አይዞህ ደበላ፤ እንውጣ» አለው።