አምስት ተርጓሚ ለአንድ ገጽ

የትርጉም ክፍሉ አዲስ ኃላፊ ከመጣ ወር አልሞላውም። በዚህች ጊዜ ውስጥ ወንበሩን ሁለቴ አስቀይሯል፤ የሠራተኛውን ጽሑፍ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ እያከበበ ደም አልብሶታል። ከበላይ ከተሰጠው ያልፈጸመው አንድ ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ከሦስቱ ተርጓሚዎች አንዱ እስከ ዛሬ ማታ ይቀነስ።

ማንን እንደሚቀንስ ሲያብሰለስል የኮምፒውተር ቴክኒሻኑ በሩን ገፋ አድርጎ ገባ።

«ጋሼ፣ ተገኘ!»

«ምኑ?»

«የሚባረረው ነዋ። ያ ዝምተኛው። ኮምፒውተሩ ላይ አምስት የትርጉም ፕሮግራም ጭኗል።»

«አምስት? ለምን ሥራ?»

«ለአንድ ገጽ! ገጹን ለአንዱ ይሰጠዋል፣ የወጣለትን ያነባል፣ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ያንኑ ገጽ ለሚቀጥለው። ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ነው። አንድ በሽታ ይዞ አምስት ሐኪም ቤት የሚዞር ሰው አይመስልም?»

ተሳሳቁ።

«ቋንቋውን አይችለውማ!» አለ ኃላፊው ጠረጴዛውን መትቶ። «እኔ እኮ እሱ ጽሑፍ ላይ የማከብበው እያጣሁ ስናደድ ነበር። ለካ ማሽን ነው የሚሠራለት!»

«ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ጋሼ።»

«ይሄ አይን አውጣ! ባለፈው ሳምንትም ልጄ ታመመች ብሎ ሦስት ቀን ቀርቷል። ና፣ ሰው ፊት ነው የምይዘው።»

ተያይዘው ወጡ። ሁለቱ ባልደረቦቹ እያጎነበሱ ሥራ የበዛባቸው መሰሉ። ተርጓሚው ግን ቀና ብሎም አላያቸው። ስክሪኑ ላይ ግማሽ ገጽ የማትሞላ ደብዳቤ ተከፍታለች።

«ወንድሜ፣» አለ ኃላፊው ማር በመሰለ ድምፅ፣ «እስቲ እነዚህን አምስት ረዳቶችህን አሰናብትልኝ።»

ተርጓሚው ፕሮግራሞቹን አንድ በአንድ ዘጋቸው። ደብዳቤዋ ብቻዋን ቀረች።

«ጎሽ። አሁን ደግሞ ይቺን ገጽ በአፍህ ተርጉምልን።»

ተርጓሚው ዓይኑን ከደብዳቤዋ አልነቀለም።

«ምነው? ከበደህ እንዴ?»

«አዎ። ከብዶኛል።»

ቴክኒሻኑ አፉን በእጁ አፍኖ ሳቀ። ኃላፊው ወደ ሁለቱ ባልደረቦች ዞረ።

«ሰማችሁ አይደል? ከእኔ አልወጣም፤ በገዛ አፉ ነው። የስንብት ደብዳቤህን ከምሳ በኋላ መጥተህ ትወስዳለህ።»

ተርጓሚው ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ከዚያ ጣቱን ከመጀመሪያው መስመር ላይ አሳርፎ፣ የቤቱን አድራሻ እንደሚናገር ሰው ሳይደናቀፍ ተረጎማት፦

«የላኩልንን የምርመራ ውጤት በሙሉ ተመልክተናል። በሽታው ከደረሰበት ደረጃ አንጻር ልጅዎን ወደ እኛ ሆስፒታል ማምጣትዎ አይጠቅማትም። የቀሯትን ሳምንታት እቤቷ፣ ከእናንተ ጋር እንድታሳልፍ እንመክራለን።»

ጣቱን አነሳና ወደ ቴክኒሻኑ ቀና አለ።

«አምስቱም ይህንኑ ነው ያሉኝ። ሌላ የምታውቀው ፕሮግራም አለ?»